የገብስማዋ መድኃኒት

ልጅ እያለሁ በእኛ ሰፈር ዶሮ እንዲሁ አትታመምም ነበር፤ የሚያሳምማት ሰው ነበረ። ቢያንስ እናቴ እንደዚያ ታምን ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቀበሌ የሚለው ቃል ሲነሳ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ሰው ከመናገሩ በፊት ዞር ብሎ ያያል። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ትለን ነበር፤ ያውም ገንፎውን ራሷ አገንፍታ እያቀረበችልን።

የታመመችው ገብስማዋ ነበረች፣ እንቁላል የማትነፍገን ዶሮ። የናዝሬት ንፋስ አቧራውን በሚያንከባልልበት አንድ ጠዋት ላባዋን ነፍታ ግድግዳ ሥር ኩርምት ብላ አገኘናት። እናቴ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትመረምራት ጀመር። አፏን ፈልቅቃ ምላሷን አየች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ ምንቃሯን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። የከረመ ሊጥ ይሸታል አለች። ከአንገቷ ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት ነበራት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በሎሚ አዋጠቻት፤ ለውጥ የለም።

ጎረቤቶች ፈንግል ነው አሉ። እናቴ ግን ወረርሽኝ አንዷን መርጦ ሌሎቹን አይተውም ብላ ዓይኗን ወደ ቅንጭቡ አጥር ወረወረች። ከአጥሩ ማዶ አዴ ጫልቱ ይኖሩ ነበር፤ ከደራ የመጡ፣ ባላቸው ወንጂ አገዳ የሚቆርጡ፣ አፋቸውን በኦሮምኛ ፈትተው አማርኛን በኋላ የለመዱ ሴት ናቸው። ገብስማዋ በአጥሩ እየሾለከች ጎመናቸውን ትጭርባቸው ነበር። የቅንጭብ ወተት ደግሞ መርዝ ነው። ለእናቴ ይህ ከበቂ በላይ ነበር።

አጥሩ ጋ ቆማ፣ «አዴ ጫልቱ፣ ዶሮዬን ምን አደረጓት?» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ምንም ሳይደነግጡ ፈገግ አሉ። «መድኃኒት አድርጌባታለሁ» አሏት።

እናቴ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። በእኛ አማርኛ መድኃኒት የተደረገለት ይድናል፤ የተደረገበት ግን ወይ ያብዳል ወይ ይሞታል። ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወደ ቀበሌ ሄደች።

ፍርድ ሸንጎው በተሰየመበት ቀን እጇን ይዤ ሄድኩ። ገብስማዋም ማስረጃ ናትና በዘንቢል መጣች። አዳራሹ ሲጋራና አቧራ ይሸት ነበር። ሊቀመንበሩ ክሱን ሲያነብ እናቴ ያላለችው ቃል ገብቶበት ሰማን፤ «አሻጥር» ይላል። ያኔ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤቱ ስለማደሩ እርግጠኛ አልነበረም። እናቴ ዘንቢሉን ወደ ጉያዋ ሳበች። ለዶሮዋ ተቆጥታ ነበር እንጂ ሰው እስር ቤት ልታስገባ አላሰበችም።

«ጓዲት፣ መድኃኒት አድርገሽባታል?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አዎ፣ አድርጌባታለሁ!» አሉ አዴ ጫልቱ ኮራ ብለው።

በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አስተካከለ። እሳቸው ግን ወደ እናቴ ዞረው፣ «ሃዳ አልማዝ፣ ሉኩን ተሻላት?» ብለው ጠየቁ። አልማዝ እኔ ነኝ፤ የአልማዝ እናት፣ ዶሮዋ ተሻላት ወይ ማለታቸው ነው። ደግሞም ጎመናቸው ውስጥ ታማ ሲያገኟት ያደረጉትን በእጃቸው አሳዩ፤ ምንቃሯን ከፍተው ዘይት ሲያንጠባጥቡ፣ ያበጠውን አንገቷን በቀስታ ሲያሹ። ዘይት! ተሰልፈን ከቀበሌ ሱቅ የምናገኘውን፣ ለወጥ እንኳ የምንሰስተውን ዘይት ለሰው ዶሮ!

መርዝ የሰጠ ሰው ተሻላት ወይ ብሎ አይጠይቅም። እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አድርጌላታለሁ ማለታቸው ነው! እኛ ‹ላት› የምንለውን እሳቸው ‹ባት› ብለውት ነው!»

«አንቺ ከሳሽ ነሽ ወይስ አስተርጓሚ?»

«ከሳሽ ነበርኩ፤ አሁን አስተርጓሚ ነኝ። እሳቸውን የምታስሩ ከሆነ እኔንም እሰሩኝ» አለች፤ ያቺ ቀበሌ ሲባል ድምፅዋ የሚጠፋባት እናቴ!

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ፣ በመጨረሻም ሊቀመንበሩ ሳይወድ በግዱ ሳቀና ክሱን ሰረዘው። ሁለቱ ሴቶች እዚያው ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገብስማዋን እየተቀባበሉ አሹ። ብዙ ቆይቶ የተተበተበ የጆንያ ክር ከጉሮሮዋ ብቅ አለ፤ አዴ ጫልቱ በጣታቸው ቀስ አድርገው ጎትተው አወጡት። እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል፣ «ዲሲ! ተዪው!» ብለው ክንዷን ያዟት። ገብስማዋ ዳነች፣ ጎመኑንም መጫር አልተወችም።

እናቴም አዴ ጫልቱም ዛሬ የሉም። እኔ እዚያችው ከተማ እኖራለሁ። ባለፈው ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ አንድ የገጠር ሽማግሌ ረዳቱን «አንቺ ልጅ፣ መልስ ስጪኝ» አሉት። ልጁ የሰደቡት መስሎት ጮኸባቸው፣ አንጓጠጣቸው። እሳቸው ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። በኦሮምኛ ወንዱም ሴቱም በአንድ ቃል እንደሚጠራ ከተሳፋሪው ብዙው ያውቃል፤ ግን ሁሉም ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ያን ጊዜ እናቴ ናፈቀችኝ። «እንዲህ ማለታቸው ነው» የምትል አንዲት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበረች። አውጥቼ ለመናገር ድፍረት እስካገኝ ሽማግሌው መልሳቸውን ሳይቀበሉ ወርደው ሄዱ።