ለከርከሮ የገዛሁት ሱሪ

ወረታ ሞቃት አገር አይደለችም። ሞቃት ናት የሚሉት በቀትር የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። ከደብረ ታቦር የመጣው መንገደኛ መገንጠያው ላይ ከሚኒባስ ይወርድና ጃኬቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ «ኧረ እናንተ፣ ይህን ሙቀት እንዴት ቻላችሁት?» ይላል። ውሃውን ጠጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ የፎገራን አየር ለአገሩ ሁሉ የሚያስረዳው እሱ ነው። እኔ ግን በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጤዛ ባራሰው ሽምብራ ዳር ዱላ ይዤ ቆሜ አውቃለሁ። በወጣትነቴ ስለ ዋልታ አሳሾች ብዙ አንብቤያለሁ። ጣታቸው በብርድ ተቆርጧል፣ የሚጎትቷቸውን ውሾች ሳይቀር በልተዋል። ቢሆንም ከእኔ የተሻለ ዕድል ነበራቸው፤ እየተንቀጠቀጡ ሳለ «እዚህ እኮ ቆላ ነው» ያላቸው ሰው የለም።

ማሳው የታላቅ እህቴ ነው። ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተጉዘው ወደ ሜዳው ሲገቡ ይገኛል። ሩዙ ሲነሳ መሬቱ ገና እርጥብ ስለሆነ ሽምብራ ይዘራበታል፤ ሽምብራው እሸት ሲይዝ ደግሞ ከርከሮ ይመጣል። ሌሊቱን ሲበላ ያድርና ሊነጋጋ ሲል ወንዙ ዳር ያለው ጥሻ ውስጥ ይገባል። የመንደሩ ሰው ይሄኔ ጥሻውን ይከባል። አባራሪዎችና ውሾች በአንድ ወገን ይገባሉ፣ ከርከሮው በሌላው ወገን ወጥቶ ወንዙን ይሻገራል። ከቀናን ጦር የያዙት አንድ ሁለት ይጥላሉ። ካልቀናን ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው ቀበሌ ይጨነቅበት።

በዓለም ካሉት አደኖች ሁሉ ንጹሑ ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚታደነውን ማንም አይበላውምና። ክርስቲያኑ አይበላው፣ ሙስሊሙ አይበላው። በመካከላችን ያለ ምንም ድካም የሚጠቀመው ጅቡ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ከበባ ወጥቶ አያውቅም።

ሕጉ አጭር ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ የወጣውም የቤቱን ማሳ ዳር ይዞ ይቆማል፤ ከርከሮው ከጥሻው እስኪወጣ ድምፁን ያጠፋል፣ ሲቀርበው ደግሞ ጮኾ ከማሳው ይመልሰዋል። ሁሉም ከወጣ ከርከሮው በግጦሹ በኩል እንዲወጣ ይደረጋል። አንድ ቤት ሰው ካላወጣ ግን መውጫው በዚያ ቤት ማሳ ላይ ይሆናል። «በር» ይሉታል። በር ተከፈተብህ ማለት፣ የተቆጣ የከርከሮ መንጋ፣ ከኋላውም የመንደሩ ውሻ ሁሉ፣ በሽምብራህ ላይ ይለቀቃል ማለት ነው። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ልጇ ለትምህርት ባሕር ዳር ነው። አምና ሰው የምታወጣው አጥታ በሩ በእሷ ላይ ተከፈተ። ከዚያ ማሳ የተረፈው ዘር ብቻ ነበር። ዘንድሮ የዘራችው እሱን ነው፤ ይህም ከተረገጠ ለከርሞ የምትዘራው የለም። ስለዚህ ወረታ ድረስ መጥታ መጽሐፍ ከማነብበት ወንበር ላይ አነሣችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ከዚህ ሁሉ ንባብ አንዲት ጠዋት መቆም አይወጣህም?» አለች።

ወጣሁ። በመጀመሪያው ጠዋት የለበስኩት ሁልጊዜ የምለብሰውን ስስ ሱሪ ነበር። ከበባውን የሚመሩት የአጥቢያው መሪጌታ ናቸው፤ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። ክህነት ስላላቸው ደም አያፈሱም፣ ስለዚህ ጦር አይዙም፤ ዕድሜ ልካቸውን በዜማ የተገራ ድምፃቸው ግን ከጦር ርቆ ይሄዳል። በጉሙ ውስጥ መስመሩን እየቃኙ ሲመጡ እኔ ዘንድ ቆም አሉ።

«ምንድን ነው ይህ የሚንቀጫቀጨው?»

«ጥ-ጥርሴ ነው፣ የኔታ።»

«ያዘው እንጂ! ከርከሮ ከፊቱ ሰው መኖሩን ከሰማ አይወጣም፤ ተመልሶ ውሾቹን ይገጥማል።»

አገጬን በሁለት እጄ ያዝኩት። ይሄኔ ዱላዬ ወደቀ። የኔታ ዱላውን አንሥተው ሰጡኝና ዛሬ ለእህቴ እንደሚቆጠርላት፣ ለሚቀጥለው ግን ደኅና ሰው እንድትልክ ነገሩኝ። ቤት ስደርስ ከወገቤ በታች ያለውን አካሌን እንደ ጎረቤት አካል ነበር የማየው።

ለዚህ ነው ሱሪ ፍለጋ የሄድኩት። ወረታ ገበያው አጠገብ ሰልባጅ ልብስ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አሉ፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ወፍራም የወንድ ሱሪ እንደምፈልግ ስነግራቸው ከበራቸው ውጭ የሚንቀለቀለውን ፀሐይ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አሞሃል እንዴ?»

«ለአደን ነው፣ ሐጂ።»

«ምን ልታድን?»

«ከርከሮ።»

«አስተግፊሩላህ! ልትበላው?»

«አልበላም።»

«ማን ይበላዋል ታዲያ?»

«ማንም።»

ሐጂ ከበሩ ላይ ዘወር አሉልኝ። «ማንም ለማይበላው ሥጋ ሱሪ የሚገዛ ሰው ካንተ በፊት አላየሁም። ግባ፣ ግባ፣ ካንተ ጋር መነጋገር ይቻላል።»

ሦስት ሱሪ አወጡልኝ። የመጀመሪያው ወፍራም የሱፍ ሱሪ ነበር። ይሞቃል፤ ነገር ግን ሱፍ ጤዛ ይጠጣል፣ ወደ ማሳ የገባው ሱሪ ከማሳ ሲወጣ በግ ያህላል። ይህን ስላቸው ሐጂ ተቀየሙ። ሁለተኛው ውስጡ ለስላሳ የሆነ ቱታ ነው፤ ለመልበስ ሰከንድ አይፈጅም፣ ዳሩ ግን የሜዳው ሣር ፍሬ ሁሉ ይለጠፍበታል፣ ጉልበቱም ላይ ቀድሞ የለበሰው ሰው ብዙ እንደጸለየ ያስታውቃል። ሦስተኛውን ከመደርደሪያው ሥር ጎትተው አወጡት። ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ ፍራሽ የተሞላ፣ ማንገቻ ያለው፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌ ጎንና ጎኑ በዚፕ የሚከፈት ሱሪ ነው።

«ይህ በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች የተሠራ ነው» አሉ።

«ለምንድን ነው የሚንሸራተቱት?»

«የሚበላ ነገር ለማግኘት አይደለም። ካንተ ጋር አንድ ናችሁ።»

ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ በሱሪዬ ላይ ደረብኩት። ሱሪ የሚመረጥበት መንገድ እንዳለ አንብቤያለሁና ቁጢጥ አልኩ፣ ተንበረከክሁ፣ ጉልበቴን እስከ ደረቴ አነሣሁ። ውሃ አፈሰስኩበት፤ ተንከባሎ ወረደ። ውስጡ የተሰፋውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሁሉም ስለ አጠባቡ ነው፣ ለሚበርደው ሰው የተጻፈ አንድ ቃል የለም። በዚያ ቀትር ላቤ እስከ ካልሲዬ ወረደ፣ እኔም ደስ አለኝ። ሁሉንም ፈተንኩ ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልፈተንኩም፤ ልፈትነውም አልችልም ነበር። ከበሩ ውጭ ባጃጅ ይጮኻል፣ የጭነት መኪና ማርሽ ይቀይራል፣ ጎረቤት ያለው ሱቅ ዘፈኑን ከፍቶታል። ወረታ መገንጠያ ላይ ሆኖ የሚለካ ሱሪ ድምፅ የለውም።

ድምፁን የሰማሁት በሁለተኛው ከበባ ጠዋት፣ ከእህቴ ግቢ ስወጣ ነው። ኮሽ። ቆምኩ። ፀጥታ። ተራመድኩ። ኮሽ፣ ኮሽ። ሜዳው ላይ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም። እግሬን አራርቄ ለመሄድ ሞከርኩ፤ ኮሽታው ቀነሰ፣ አረማመዴ ግን ትናንት የተገረዘ ሰው አረማመድ ሆነ። የመንደሩ ውሾች ከርከሮውን ትተው እኔን ከበቡኝ።

«ኧረ ምን ተሸክሞ ነው የመጣው?» አለ ከጉሙ ውስጥ አንዱ።

«ፌስታል ለብሶ ነው» አለ ሌላው።

እኔ ግን ሞቆኝ ነበር። ይህን የሚያቃልል ሰው በርዶት አያውቅም። ቦታዬን ይዤ፣ ዱላዬን ጨብጬ፣ እንደ ሐውልት ቆምኩ። አባራሪዎቹ ጥሻው ውስጥ ገቡ፣ ውሾቹ ጮኹ፣ ከፊቴ ቅጠሉ ተነቃነቀ። አንድ ትልቅ ከርከሮ አፍንጫውን አወጣ። ክራንቻዎቹን አየሁ፤ እሱም እኔን አየ፣ ግን ገና ሰው መሆኔን አልወሰነም። ይሄኔ አንድ እግሬ ደነዘዘብኝና ክብደቴን ወደ ሌላው አዛወርኩ።

ኮሽ።

ከርከሮው ዞረ። ተከታዮቹም ዞሩ። መንጋው እንዳለ ወደ አባራሪዎቹ ተመልሶ አንዱን ወንዙ ውስጥ ከተተው። የቀረነው ፀሐይ እስክትወጣ ቆመን የእሱን ስድብ አዳመጥን። ሰውየው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲወጣ መጀመሪያ የጠየቀው «ሱሪው የታለ?» ብሎ ነው፤ የለበሰውን ሳይሆን ሱሪውን።

የኔታ ፍርድ ሰጡ። «ይህች ቤት ዛሬ ሱሪ ነው ያወጣችው፤ ሰው አላወጣችም። ቅዳሜ በሩ በእሷ በኩል ይሁን።»

በዚያ ቀን እህቴ ምሳ አቅርባልኝ አልተቀመጠችም። እኔ ግን መፍትሔ አላጣሁም። ሱሪውን ገልብጬ ብለብሰው፣ በጭኔ መካከል ጨርቅ ብጠቀልል፣ ከማታ ጀምሮ ቦታዬ ላይ ብቀመጥና ባልንቀሳቀስ እያልኩ አስረዳኋት። የኔታም ቢሆኑ ሕጉን ያለ አግባብ እንደተረጎሙት፣ በታሪክ ከዚህ ያነሰ ፍርድ ይግባኝ ተብሎበት እንደሚያውቅ ነገርኳት።

«ጨረስህ?» አለች።

«አልጨረስኩም።»

«እሺ፣ አንተ ቀጥል» ብላ ማሳውን ልታይ ወጣች። ከመስኮቱ አየኋት። አንዱን የሽምብራ ዛላ ጎንበስ ብላ በጣቷ ፈተሸችው፤ እሸቱን ግን አልቀጠፈችም። ይግባኙን ያኔ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ ሱሪው ከተሰቀለበት የለም። እህቴም የለችም። ጋቢ ተጠቅልዬ፣ ቦቲ ጫማዬን አድርጌ፣ በጉሙ ውስጥ እየተደናበርኩ ወደ ማሳው ሄድኩ። ከሩቅ ያየሁት ወፍራም የፈትል ቀሚስና ዱላ ነው። እህቴ ቦታዬ ላይ ቆማለች። ቀሚሷ ከወትሮው በዙሪያዋ በርከት ብሎ ነበር፤ ጫፉ ሥር ጥቁር ሰማያዊ ነገር ብቅ ብሏል።

የኔታ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ከየቤቱ አንድ ሰው አላሉም? ከኔ ቤት ያለሁት እኔ ነኝ።»

 ዓይናቸው ቀስ እያለ ወደ ቀሚሱ ጫፍ ወረደ። ሴት የወንድ ልብስ መልበሷን በተመለከተ ምን እንደተጻፈ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ፣ ስለዚህ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ተራመጂ እስኪ» አሏት።

ተራመደች። ወደፊት ሄደች፣ ወደኋላ ተመለሰች። ምንም አልተሰማም። ፈትሉ ኮሽታውን ዋጠው። ሌላ ማብራሪያም አለ፤ እህቴ ዝም ብሎ መቆምና ዝም ብሎ መራመድ ትችልበታለች የሚል። እኔ ይህን ማብራሪያ አልቀበልም።

«እኔ ከቀሚስ በላይ ያለውን ነው የማየው» አሉ የኔታ ዓይናቸውን ወደ ጥሻው መልሰው። «ከቀሚስ በታች ያለውን የሚመረምር ቄስ አይደለሁም። ይቆጠርላት፤ ያለፈው ፍርድም ተነሥቷል።»

ከዚያ መስመሩን እየቆጠሩ ሄዱ። የጎደለው አንድ ሰው ነበር፤ ያ «ፌስታል ለብሶ ነው» ያለው። በዚያ ብርድ ከብርድ ልብሱ መውጣት አቅቶት ኖሯል። በሩ በእሱ ሽምብራ ላይ ተከፈተ። ከርከሮዎቹ ከጥሻው ወጥተው መጀመሪያ ወደ እህቴ አቀኑ። እሷ አልተነቃነቀችም፤ እስኪቀርቡ ጠበቀች፣ ከዚያ ባሏ በሞተ ቀን እንኳ ያልሰማሁትን ጩኸት አሰማች። መንጋው ተጠማዘዘ። እኔም ከኋላዋ ሆኜ ጋቢዬን አወናጨፍኩ፤ ይህ ምን ያህል እንደረዳ ለመናገር ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም። ከማሳዋ የተረገጠው ዳር ያለው አንድ ትልም ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ባለው ከበባ ሁሉ የቆመችው እሷ ናት። የእኔ ሥራ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ ይዞ መከተል ሆነ፤ ያውም በስሱ ሱሪዬ። አንድ ቀን ደፍሬ «ሱሪው ግን?» አልኳት።

«የማን ሱሪ?» አለች።

ሐጂ ዘንድ ተመለስኩ። «የከርከሮው ሰው!» ብለው በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ነገር ግን እንዲያ ያለ ሱሪ በሕይወታቸው አንድ ብቻ ነው የመጣላቸው። ሱፉም በዚያች ቅዳሜ ማግስት ተሸጦ ነበር፤ ገዢው ያ በር የተከፈተበት ሰው ነው። አሁን በመስመሩ ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ብርድ ከሁሉም የበለጠ ያነበበው። ሽምብራው ገና አልተሰበሰበም፣ ከበባውም አላለቀም።

ስለዚህ ወፍራም፣ ኮሽ የማይል፣ ለረጅም ሰው የሚሆን ሱሪ ያላችሁ አምጡልኝ። ወረታ ሞቃት አገር ናት የምትሉ ደግሞ የለበሳችሁትን አውልቁና ስጡኝ፤ እናንተ አያስፈልጋችሁም።