ሲሶ የጎደለው ጥይት

የእህቴ የዙበይዳ ባል ሁሴን ቀናተኛ ነበር። አማቼ ነው ብዬ አልሸፋፍንለትም። በሰው ላም፣ በሰው ቤት፣ በሰው ሚስት አይቀናም፤ እንደዚያ ቢሆንማ ከማናችንም አይለይም ነበር። እሱ የሚቀናው በፉከራ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በ1970 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ እኔ ጨው ከምሸጥበት መደብ አጠገብ፣ ሁሴን የተተኮሰ ቀለህ እየሞላ ይኖር ነበር። የአካባቢው ገበሬ ጠመንጃ ባብዛኛው ውጅግራ ነው፤ መቀርቀሪያውን ስበህ አንድ ጥይት ብቻ የምታጎርሰው፣ አፈሙዙ ትንሽ ጣት የሚያስገባ አሮጌ መሣሪያ። ጥይቱ ከውጭ መምጣት ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው። ስለዚህ ገበሬው ባዶ ቀለሁን ከሣር ውስጥ ለቅሞ ለሁሴን ያመጣለታል። ሁሴን የክብሪት ራስ ፈጭቶ ከቀለሁ ቂጥ ይጠቀጥቃል፣ ቤቱ የወቀጠውን ባሩድ ይሰፍርበታል፣ ከተጣለ የመኪና ባትሪ ያቀለጠውን እርሳስ አፉ ላይ ይገጥምበታል።

በዕድሜው አንድም ቀን ተኩሶ አያውቅም። እርሳስ እንዴት እንደሚሄድ ግን ከተኳሾቹ በላይ ያውቅ ነበር። «ምንሽር ጥይቷ ቀጭን ናት» ይላቸዋል፣ «ሮጣ ትሄዳለች፣ በስታ ታልፋለች። የውጅግራው ወፍራም ነው። ቀስ ብሎ ይሄድና አጥንት ሰብሮ እዚያው ይቀራል። ግን ክብደቱ ይጎትተዋል። እስከ መቶ እርምጃ ያየኸውን ምታ። ሁለት መቶ ላይ ክንድ ሙሉ ስለሚወርድ፣ ክንድ ከፍ አድርገህ ያዝ።»

ይህን ምክር ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ዘውዱ ነው። ዘውዱ ከጋፋት በላይ የሚያርስ ገበሬ ሲሆን፣ ከገደል ማዶ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ሁለት ነብር ጥሏል። ሁለቱንም ጊዜ ግዳዩን ገበያ ድረስ አሸክሞ መጥቶ፣ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ ፎክሯል። አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ ጠመንጃውን ጠራ፣ የበሬውን ስም እንኳ አልተወም። ሁሴን ከመደቡ ላይ አንገቱን አስግጎ የራሱን ስም ይጠብቃል። ስሙ አይመጣም። ሕዝቡ እልል ሲል ሁሴን እርሳስ የሚያቀልጥበትን ብረት ድስት ያለ ጥፋቱ ይፈቀፍቃል።

«ነብሩን የገደለው ማን ነው?» ይለኛል። «እሱ ምላጭ ሳበ። ምላጭ መሳብ ሙያ ነው እንዴ? ከማል፣ እስቲ አንተ ፍረድ!»

«ፍርዱን ለሸንጎ» ብዬ ጨዋታ አደርገዋለሁ። እህቴ ግን አልሳቀችም። «አንቱ ሰውዬ፣ እህል አልወርድ አለዎት እኮ! በበሬ ስም ይቀናሉ?» ብላዋለች።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሌላ ነብር ተነሳ። ዘጠኝ ጥጃ ሲጨርስ የገበሬ ማኅበሩ ዘውዱን ግደልልን አለው። ዘውዱ ሦስት ቀለህ ይዞ መጣ። «ሁሴን ወንድምዓለም፣ ለነገ አድርስልኝ» አለና ወደ ገበያው ገባ።

ሁሴን ባሩዱን ሰፈረ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ሲሶውን መልሶ ገለበጠ።

አስቦበታል፤ ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ዘውዱ የሚተኩሰው ከማዶ ነው። ባሩዱ ሲያንስ እርሳሱ ይዘገያል፣ ሲዘገይ ይወርዳል። ዘውዱ ክንድ ከፍ አድርጎ ቢይዝም ሌላ ክንድ ይጎድለዋል። እርሳሱ ከነብሩ እግር ሥር አፈር ይበትናል፣ ነብሩ ይሸሻል፣ ዘውዱ ያፍራል። ሰው አይሞትም። «አንድ ቀን እንኳ እሱም ዝም ይበል ብዬ ነው» አለኝ።

በማግስቱ ከዘውዱ ጋር አብሮ የወጣው እሸቴ ላብ በላብ ሆኖ ገበያ ደረሰ። «ጣለው!» አለ። «ዛሬስ ምን እንደነካው እንጃ! ከማዶ መተኮሱን ተወና በደረቱ እየተሳበ ወረደ። ሠላሳ እርምጃ! ነብሩ ዞሮ ሲያየው እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። አንድ ጥይት፣ በቃ!»

ሁሴንን አየሁት። ከንፈሩ አመድ መስሏል። እንደ ልማዱ ቀንቶ ነው ብዬ ተናደድሁበት።

ከቀትር በኋላ ነብሩን አመጡት። ዘውዱ ጠመንጃውን ወደ ላይ አንስቶ ወደ መደባችን ዞረ። አባቱን አልጠራም፣ አያቱንም አልጠራም።

«ዘራፍ!
የሞላልኝ ሁሴን፣ የደብረ ታቦሩ፤
በሠላሳ እርምጃ ተጋደመ ነብሩ!»

ገበያው በእልልታ ተናወጠ። ዘውዱ ቀርቦ ሁሴንን አቀፈው። ሰው ምስጋና መሰለው። እኔ አጠገባቸው ነበርሁና የተባባሉትን ሰማሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልገባኝም።

ዘውዱ ሁለቱን ያልተተኮሱ ጥይቶች መዳፉ ላይ አደረገለት። «ጆሮህ ሥር ነቅንቃቸው» አለው። «የወትሮው ጥይትህ ሲነቀነቅ ድምፅ የለውም። እነዚህ እንደ ጽናጽል ይንሿሿሉ።»

ክፍተቱን በጥጥ ቢጠቀጥቀው ኖሮ ድምፁ ይጠፋ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ በሐቅ የሠራ ሰው ማጭበርበር ሲጀምር ሙያው የለውም።

«ካወቅህ ለምን ሄድህ?» አለ ሁሴን።

«ዘጠኝ ጥጃ አልቋል። አንተን ተጣልቼ ልቅር? ባሩዱ ከማዶ እንደማያደርስልኝ አወቅሁ፣ ከቅርብ እንደሚገድልም አንተው አስተምረኸኛል። ስለዚህ ቀረብሁ።»

«ስሜንስ ለምን ጠራህ?»

«ስንት ዓመት በጥይትህ ስገድል ስምህን ሳልጠራ ቀረሁ። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ ዛሬ ከፈልሁ። የዛሬው ጥፋት ግን ያንተ ነው።» ይህን ብሎ ትቶት ሄደ።

ሴቶቹ መጡ። «ሁሴንም ይቀባ!» ብለው ከመደቡ አውርደው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ሁሴን ሁለቱን ጥይቶች በጡጫው ጨብጦ «አይገባኝም፣ ኧረ ተዉ፣ አይገባኝም» ይላል። ትሕትናው ነው ብለው አብዝተው ቀቡት። ቅቤው በግንባሩ፣ በጉንጩ ወረደ፤ ሰውየው አለቀሰ። ደስ ቢለው ነው ተባለ። እኔም ከሕዝቡ ጋር አጨበጨብሁ።