የጄሶው ምስክር

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ይወጋል። ባሏ ለሳኝ ነው፤ እጁ ከጄሶ የማይለይ፣ ጠባዩ ውሃ የሆነ ዝምተኛ ሰው። እንዲህ ያለውን ባል ሌላ ሴት ብታገኝ ስለት ታስገባ ነበር። መርፌ ግን ዝምታውን ራሱን ትጠረጥረዋለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ባይ ናት።

ምድር መንቀጥቀጥ የጀመረች ሰሞን ነገሩ ባሰ። ከከተማው ማዶ ያለው ተራራ ጭስ ይተፋል፣ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫል፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ሬዲዮው እንዳለው ከሆነ የቆምንበት ምድር አንድ ወጥ አይደለም፤ ግዙፍ የአለት ንጣፎች ናቸው፣ እነሱም በዓመት ጥፍር የሚያድገውን ያህል እየተራራቁ ነው። መርፌ ይህን ስትሰማ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ባልም እንደዚያው ነው አለች።

ነገሯ ወደ ዋርሳው ነበር። የባሏ ሟች ወንድም ሚስት ከሴት ልጆቿ ጋር አጥር ለአጥር ትኖራለች፤ የመኝታ ቤቷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ለሳኙ ስንጥቁ ላይ ጄሶ በቀጭኑ አግድሞ ለጠፈበት። «ምስክር» ይለዋል። ጄሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ምስክሩ ይሰበራል፣ ሳይሰበር ከሰነበተ ግን ግድግዳው አርፏል ማለት ነው። እስከዚያ እናትና ልጆች ግቢው ውስጥ ላስቲክ ወጥረው ያድራሉ።

እሱም በየጠዋቱ ምስክሩን ሊያይ ይሄዳል። አይቶ ቢመለስ ምን ነበረበት፤ ቁጭ ብሎ ያወራል። በገዛ ቤቱ ቃል በስንት መከራ የሚወጣው ሰው፣ እዚያ ሲስቅ በአጥሩ ይሰማል። መርፌን የራሷ ግድግዳ ደህና መሆኑ ሳይቀር አናደዳት፤ ምነው የእኔም በተሰነጠቀ አለች በልቧ።

አንድ ማታ እራት ላይ ባሏ፣ ነገ ምስክሩን ደህና ካገኘሁት ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይገባሉ፣ እኔም እገላገላለሁ አላት። በማግስቱ በማለዳ፣ እሱ ገና ሳይነቃ፣ መርፌ ቀድማው ዋርሳው መኝታ ቤት ሹልክ ብላ ገባች። ምስክሩ መሃል ለመሃል ተሰብሯል። ተሰበረ ማለት ሌላ ምስክር፣ ሌላ ጠዋት፣ ሌላ ሳቅ ነው። ለለሳኝ ሚስት ጄሶ መለወስ ምን ይገዳታል። የተሰበረውን ፋቀች፣ አዲስ ለጠፈች፣ ቶሎ ሲደርቅላት አቧራ ነሰነሰችበት።

ባሏ አይቶ ደስ ብሎት ተመለሰ። ግድግዳው አርፏል፣ ዛሬ አልጋቸው ላይ ይተኛሉ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ። ያሰበችው ሁሉ ሆነላት። ግን ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራት፤ የያዘችው የዋርሳውን ትንሽ ልጅ የትምህርት ቤት ቀሚስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ምድር እንደገና ነቅነቅ ስትል ቀሚሱን ወርውራ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ ሮጠች።

ዋርሳው ከቤቱ ጀርባ፣ ቆርቆሮው ማዕድ ቤት ደጃፍ ላይ ከልጆቿ ጋር ተቀምጣለች። ፍራሾቻቸው እዚያው ውስጥ ተነጥፈዋል።

«እዚያ ቤት እንዳትገቡ» አለች መርፌ እያለከለከች። «ምስክሩ ተሰብሮ ነበር። እኔ ነኝ የለጠፍኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ዋርሳው። «ማታውኑ ተሰብሮ አይቼዋለሁ። ጠዋት አንቺ ሹልክ ብለሽ ስትወጪ አይቼ ብገባ፣ ድኖ አገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«ብነግረው ትዳርሽ ምን ይሆናል? ራስሽ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ፣ እቴ። እስኪመሽ ባትመጪ ግን እነግረው ነበር።»

መርፌ ማታ ለባሏ ሁሉንም ተናዘዘች፣ እሱም ግድግዳውን በገዛ እጁ አፈረሰው። ከዚያ ወዲያ ቅናቷ ለቀቃት የሚል ካለ መርፌን አያውቃትም። ድሮ የቀናችው ባሏ እዚያ በሚስቀው ሳቅ ነበር፤ አሁን በሴትዮዋ ልበ ሰፊነት ቀናች። ለዚህኛው ቅናት ደግሞ ባልን ዘብ ቆሞ መጠበቅ አይበጅም።