እናቴ ለእኔ የተነሣችባቸው ቀናት

እናቴ ከመቀመጫዋ ስትነሣ ጉልበቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይንቋቋል። እኅቴ በሕይወት ሳለች ይህን ስትሰማ "እማየ፣ እንጨት ስበሪ ያለሽ ማን ነው?" ትላት ነበር። እናቴም "ያንችን ምላስ ልቀቅልበት ነዋ!" ትላለች። አሁን እኅቴ የለችም። ስለ አሟሟቷ አልጽፍም። ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ስለ እናቴ ጉልበት መጻፍ ይቀላል ብዬ ነው ይኸን የጀመርኩት።

ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ነው። እናቴን ቡሬ ወስዳ ያሳከመቻት እኅቴ ናት፤ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ የጉልበቷ መገጣጠሚያ ተበልቷል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም አለን። ከዚያ ወደ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላከን። ባለሙያዋ የእናቴን ጭን ጨበጥ አድርጋ "እማማ፣ ጉልበትዎን የሚያግዘው ይኸ ጡንቻ ነው። እሱ ሲላላ ጭነቱ ሁሉ ጉልበትዎ ላይ ይወድቃል" አለቻት። ሁለት ሥራም ሰጠቻት። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀለል ያለ ነገር አስሮ እግርን መዘርጋት ነው። ሌላው እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ምንም ሳይደገፉ፣ ከወንበር ዐሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ።

እኅቴ ጨው በጨርቅ ቋጥራ እግሯ ላይ አሰረችላት።

"በስተርጅናየ የጨው አህያ አደረግሽኝ?" አለች እናቴ። ግን ዘረጋች። ሁለተኛውን ነው እምቢ ያለችው። "ያለ ምክንያት ብድግ ቁጭ የሚል እብድ ነው።"

እኅቴ ምክንያት ፈጠረችላት። በእኛ ዘንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ብሎ "ኖር" ይላል፤ የገባውም "በእግዜር" ብሎ ይመልሳል። እናቴ ደግሞ ጉልበቷ ቢቆረጥ እንግዳን ቁጭ ብላ አትቀበልም። እኅቴ የኔን ጋቢ ተከናንባ ውጭ ቆመችና ጉሮሮዋን ጠረገች። አንዴ ቄስ ሆና ገባች፣ አንዴ ከጅጋ የመጡ አማት ሆና። እናቴ ለቄሱ ቀጥ ብላ ተነሣች። ለቀበሌው ሊቀ መንበር ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች።

"እማየ፣ ይኸ አይቆጠርም!"

"ለሱ ይበቃዋል።"

ሁለት ወር ያህል እንዲህ አደረጉ። እናቴ ገበያ ደርሳ መመለስ ጀመረች። ከሽንት ቤትም ግድግዳ ሳትይዝ መነሣት ቻለች። ይህን እንደጻፍኩ ብታውቅ በኩርኩም ነው የምትለኝ።

ከዚያ እኅቴ ሞተች።

እናቴ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀመጠች፤ የሐዘንተኛ ወግ ነው። የገባው ለቀስተኛ ሁሉ "በማርያም፣ እንዳይነሡ!" ይላታል። ውኃው ይመጣላታል፣ ምግቡ ይመጣላታል። እኔ ደግሞ የሽንት ባልዲ ሳይቀር አቀርብላት ነበር። ጥሩ ልጅ የሆንኩ መስሎኝ። በሦስተኛው ሳምንት ልነሣ ስትል እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው አነሷት። "ሐዘን ጉልበቷን ሰበረው" አሉ። ለእኔ ግን ያች ባለሙያ ጭኗን ስትጨብጥ ታየችኝ። ሐዘኑስ እሺ። ጡንቻዋን ያሰነፍነው ግን እኛ ነን፣ በደግነታችን።

የእኅቴ አርባ ሊደርስ ሦስት ሳምንት አልቀረውም። ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ነው።

"በባጃጅ እንወስድሻለን" አልኳት።

"ለልጄ አርባ ተጭኜ አልሄድም። በእግሬ ካልሆነ እቀራለሁ።"

እናቴ እቀራለሁ ካለች ትቀራለች።

በማግሥቱ ጠዋት ከፍራሹ አንሥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ጋቢየን ተከናንቤ ወጣሁ። ውጭ ብዙ ቆምኩ። ጋቢው... እሱን ልተወው። ጉሮሮየን ጠርጌ ገባሁ።

እናቴ አየችኝ። "ምን ሆንክ? በረደህ?"

"እንግዳ ነኝ።"

"ማን ነዎት?"

ይህን አላሰብኩበትም። "ከደምበጫ... መሪጌታ ነኝ።"

ወደ እግሬ አየች። "መሪጌታ፣ የልጄን ነጠላ ጫማ ምነው ተጫሙት?"

እውነትም የእኅቴን ሮዝ ጫማ ነበር ያደረግኩት፤ በር ላይ ያገኘሁትን አጥልቄ። እናቴ ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም። ከዚያ አጠገቧ ያለውን የአልጋ ጠርዝ ይዛ ብድግ ለማለት ሞከረች። ግማሽ ደረሰችና ወደቀች፣ ወንበሩ ላይ።

"ለመሪጌታ ይበቃዋል" አልኩ።

"ዝም በል፣ ውጣና እንደገና ግባ።"

ጎረቤታችን፣ እናቴ ለእኔ ለልጇ ተነሥታ "ኖር" ስትል በመስኮት አይተው "ልጁ በሐዘን ተነካ፣ እሷም ተከተለችው" ብለው አወሩብን። ሄጄ አስረዳኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በር ላይ ቆመው ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ "‹እንዳይነሡ› እንዳትሏት፣ መነሣቱ መድኃኒቷ ነው" ይሉ ጀመር። ስድስት ሰው ከገባ እናቴ ስድስት ጊዜ ትነሣለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን እያየች "ዛሬ ለቀስተኛው ምነው አነሰ?" አለች። ከዚያ ባለችው ነገር ደንግጣ አፏን ያዘች።

በአርባው ቀን በጠዋት ተነሣን። እናቴ ምርኩዝ ይዛለች፤ ባጃጅ እንዳይከተላት አስምላኛለች። ኮረብታውን ሦስት ቦታ ዐርፋ ወጣችው። ጉልበቷ ይንቋቋል። "ይሰማል?" አለችኝ። "ደምበጫ ድረስ" አልኳት። በምርኩዙ ልትመታኝ ቃጣች።

ከቅዳሴ በኋላ መቃብሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰው ጸሎቱን ጨርሶ ሲበተን ላነሣት እጄን ዘረጋሁ፤ መታችው። ምርኩዙን ለእኔ ሰጠችኝ። እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች። ወደ ፊት አጎነበሰች፣ እግሯ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመች።

"አንድ" አለች ወደ አፈሩ እያየች። "ዘጠኙን እቤት እጨርሰዋለሁ። አትጨቅጭቂኝ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ደሞ ምን ታለቅሳለህ? መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል። ና ያዘኝ።"

ያዝኳት።