ግንባሬ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያለው ቀንድ አውጣ

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት በክረምት ነው፤ ከቤቴ ወስደው ኮልፌ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ቀን። ግድግዳው እርጥብ ነበር። ከውጭ የታክሲ ረዳት «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» ሲል ይሰማል። የሰፈር ሴቶች ስለታሰሩ ልጆቻቸው ማመልከቻ አስገብተው ነበር፤ የተጻፈው እኔ ቤት ነው። ማን እንደጻፈው ንገሪን ይሉኛል። የጻፈችው ጎረቤቴ ናት፤ አራስ ነበረች።

አብራኝ የታሰረችው አንዲት ዓሣ ነጋዴ ናት፤ ሐይቅ ዳር ያደገች፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ። እትዬ ነበር የምላት። በሦስተኛው ቀን ሊነጋጋ ሲል ሱብሂ ስሰግድ፣ ለሱጁድ ልወርድ ስል ግንባሬ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀንድ አውጣ አየሁ። በጣቴ ገፋ አድርጌ ሶላቴን ጨረስኩ።

«እሱን ደግሞ በምን ከሰሱት?» አለች እትዬ።

ከዚያ ስለ ሐይቁ ዛጎል አወራችልኝ። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል፤ ሁለት ክዳን አለው፣ ራስም ቀንድም የለው። ሲነኩት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል።

«ዛሬ ለምርመራ ሲጠሩሽ እንደሱ ጥርቅም ነው» አለችኝ።

«አይከፈትም?»

«በቢላ ይከፈታል። ያኔ ይሞታል።»

ቀንድ አውጣውን አየሁት። ክዳን የሚባል ነገር የለውም። ስነካው ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀንዶቹን አወጣና መንገዱን ቀጠለ።

ስጠራ፣ ሰው እንዳይረግጠው ብዬ በመዳፌ ይዤው ወጣሁ። መርማሪው ከእኔ በዕድሜ ያንሳል። የተጨበጠ እጄን አይቶ ወረቀት የያዝኩ መሰለው።

«ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ሁለታችንም ቀንድ አውጣውን አየነው።

«ማመልከቻውን ማን ጻፈው?» አለ፣ ዓይኑን ከመዳፌ ሳይነቅል።

«እሱን አልነግርዎትም» አልኩ። «ይሄን ግን ሣር ላይ ላስቀምጠው ይፍቀዱልኝ።»

በአገጩ በሩን አሳየኝ። አንዲት ፖሊስ እያየችኝ ግቢው ውስጥ እርጥብ ሣር ላይ አስቀመጥኩት። ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ ያንኑ መለስኩ። ክረምቱ እስኪወጣ አልተፈታሁም።

አሁን በምኖርበት አገር፣ ቤቴ አጠገብ ወንዝ አለ። ዳሩ ላይ እትዬ የነገረችኝ ዓይነት ዛጎል ይገኛል። ተከፍቶ ያገኘሁት ሁሉ ባዶ ነው። እትዬ እውነቷን ነበር። እኔ ግን ያን ቀን እጄን ከፍቼ ነው የጎረቤቴን ስም የደበቅኩት፤ አልሐምዱሊላህ።

የአራሷ ልጅ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባ። እናቱ ፎቶ ላከችልኝ። ቦርሳው ከጀርባው ይሰፋል፤ ተሸክሞት ይሄዳል።