የሀና ማርያም ላሞች ነጥፈዋል ወይ?

ረቡዕ ማለዳ፣ ሳር ቤት

የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ስቤ ታክሲ ተራው ላይ ቆሜአለሁ። ከሞቀ አልጋዬ ያስነሳኝ ጉዳይ ወተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጣችን ቢሮ ሁለት ወረቀቶች ገብተዋል። አንዱ የሀና ማርያም ላሞች ወተታቸው ክፉኛ ቀንሷል ይላል። ሌላው ኧረ ጠብታም አልቀነሰ ይላል። ሁለቱም ማኅተም አላቸው፤ ሁለቱም በሠንጠረዥ አሸብርቀዋል። ጣጣው፣ ለሰፈሩ ከብት አርቢዎች ፉርሽካ በቅናሽ የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ወረቀት አምኗል። “ለነጠፈ ላም ፉርሽካ ምን ያደርጋል?” ብሎ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሊያቆም ነው። በዚህ ወር ደግሞ ሜዳው ላይ ለዓይን የሚሆን ሣር የለም። ፉርሽካው ከቀረ ላሞቹ የምር ይነጥፋሉ።

አዘጋጃችን ጋሽ አስፋው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አይቶ፣ “ወረቀት ከወረቀት ጋር አታፋጥብኝ፤ ሂድና ላሟን ጠይቃት” አለኝ። ቀልዱ ነው። ብርዱ ግን ቀልድ አያውቅም።

“መካኒሳ! መካኒሳ ሽልንግ! ጠጋ ጠጋ በሉ!” ይላል ወያላው። ለሦስት ሰው በሚበቃው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጠጋሁ። ቢያንስ ይሞቃል።

መካኒሳ፣ ፀሐይ ስትወጣ

ሆዴ ሳይሞላ ሥራ አልጀምርም፤ የታወቀ ነው። ከአስፋልቱ ዳር አንዲት ጠባብ ፉል ቤት ገባሁ። ጭስ የጠገበ ግድግዳ፣ ተንገዳጋጅ አግዳሚ፣ ትኩስ ዳቦ። “ቅቤ እንዳትነኪብኝ፣ ዘይት ብቻ፤ ቃሪያውን አብዢው” ብዬ አዘዝኩ። ፉሉ ሲመጣ ከቃሪያው የተነሳ ዓይኔ አለቀሰ፤ ልቤ ግን ሳቀ። እንዲህ ያለ ቁርስ ከበሉ በኋላ መንግሥተ ሰማያት ቢጠሩኝ እንኳ “ቆይ ሻዩን ልጨርስ” ነው የምለው።

ከዚያ ወዲያ ጋሪ ነው። ባለጋሪው ጋሽ ቶሎሳ ፈረሳቸውን ቡላን ከእኔ በላይ ያከብሩታል።

“ጋሽ ቶሎሳ፣ የሀና ማርያም ወተት ቀንሷል የሚባለው እውነት ነው?”

“እኔ የማውቀው ፈረስ ነው ጌታው። የላሟን ነገር ባለላሟን ጠይቅ” አሉና ጅራፋቸውን አየር ላይ አጮሁት።

ላፍቶን ሲያልፉ ከተማው ይሳሳል። አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች፣ የድንጋይ ክምር፣ ባሕር ዛፍ፣ የተወቃ ጤፍ፣ የጭድ ክምር። መንገዱ አቧራ ነው፤ ጥርሴ ሁሉ አፈር አፈር አለኝ። ፀሐይዋ ግን ጀርባዬን አገኘችው፤ ጋቢዬን አወለቅሁ። ቢሮ ከመቀመጥ ይኼ በስንት ጣዕሙ!

ሀና ማርያም፣ ረፋዱ ላይ

የወተት መሰብሰቢያው ከሰል መጋዘን የምታክል የቆርቆሮ ቤት ናት። ደጃፏ ላይ የመጀመሪያውን ወረቀት ያዘጋጀው ወተት ለኪ ጴጥሮስ እየጠበቀኝ ነው። የሆሳዕና ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ሸሚዙ በጥንቃቄ የተተኮሰ።

“ራስህ እየው” አለኝ። “እኔ የምጽፈው ያየሁትን ነው።”

አየሁ። ሰልፍ የለም። ሁለት ሴቶች ትንንሽ ጀሪካን ይዘው መጥተው አስለክተው ሄዱ። በቃ። ትልልቆቹ ቢዶኖች ባዶ አፋቸውን ከፍተው ተደርድረዋል።

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው?”

“በምመጣበት ቀን ሁሉ። ሮብና ዓርብ ነው የምመጣው። በሌላው ቀን ሰው ይጋፋል፣ ይጮኻል፣ ትክክል መለካት አይቻልም። እነዚህን ቀናት የመረጥኩት ለሥራዬ ጥራት ብዬ ነው።”

ጠንቃቃነቱ ደስ አለኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። በሆዴ “ሀና ማርያም ወተት ነጠፈ” የሚል ርእስ ጽፌ ጨረስኩ። አዘንኩም። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ምን ሊበሉ ነው? የአንዷን አርቢ ቃል ልጨምርበት ብዬ “ባለላም ቤት ውሰደኝ” አልኩት።

እትዬ ብዙነሽ ቤት

እትዬ ብዙነሽ አራት ላሞች አሏቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሦስት ልጆች ያስተማሩት በእነዚሁ ላሞች ነው። እኛ ስንደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ትልቅ ቅል ጭናቸው ላይ አድርገው እየናጡ ነበር። ከኋላቸው መደቡ ላይ እንስራ፣ ባልዲ፣ ማሰሮ፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር በወተት ተሞልቷል።

ዓይኔን አሸሁ።

“እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ወተት?”

“ምን ላድርገው ልጄ? ልድፋው?”

“ለምን መሰብሰቢያው አይወስዱትም?”

ቅሉን አቆሙትና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። “ዛሬ ሮብ አይደለም እንዴ? ማን ይጠጣዋል? የሮብና የዓርብ ወተት ለቅቤ ነው። ሰፈሩን ሁሉ ዙር፣ የማይንጥ ቤት ብታገኝ ከምላሴ ፀጉር።”

አይ የእኔ ጭንቅላት! ጠዋት “ቅቤ እንዳትነኪብኝ” ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ። እጄ ጾሙን ያውቃል፤ ራሴ ግን ምንም።

ጴጥሮስ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። “እኔኮ ጴንጤ ነኝ… ጾሙን እንኳ አውቃለሁ፤ ግን ላም አትጾምም ብዬ!”

“ላሟማ የት ጾማ!” አሉ እትዬ ብዙነሽ እየሳቁ። “የምንጾመው እኛ ነን።” ከዚያ ነገሩ ገባቸው። ሳቃቸው ጠፋ። “ቆይ… ፉርሽካውን የሚያስከለክለኝ ወረቀት ያንተ ነው?”

እኔ አፈርኩለት፤ በራሴም አፈርኩ። ላሟ ብቻ ታመሰኳለች።

“የኔ ነው እትዬ” አለ ጴጥሮስ። “ስሜ አለበት። ነገ ሐሙስ ነው፤ ከንጋት ጀምሬ እዚያው ቆሜ እለካለሁ። ይጋፉኝ። ከዚያ አለቆቼ ዘንድ ሄጄ ‘ተሳስቻለሁ’ እላለሁ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።”

እትዬ ብዙነሽ ተነሥተው ትልቁን ጣሳ አጠቡና ከማለዳው ወተት እስከ አፉ ሞሉለት። “በል ጠጣ። በዚህ ቤት ዛሬ መጠጣት የሚችል አንተ ብቻ ነህ።”

“ለእኔስ?” አልኩ።

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩት። “ላንተ ሽሮ አለ።”

ሐሙስ ጠዋትና ከዚያ ወዲህ

ላፍቶ ዘመድ ቤት አድሬ በጠዋት ተመለስኩ። ሰልፉ ከቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ተነስቶ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ጩኸት፣ ክርን። ጴጥሮስ የተተኮሰ ሸሚዙ ወተት በወተት ሆኖ ይለካል። “ተራችሁን ጠብቁ!” ይላል፤ ማንም አይጠብቅም። ቢዶኖቹ ሞልተው ወተት የሚቀበል ዕቃ ጠፋ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ግርግር አላየሁም።

ስህተቱን ሲነግራቸው አለቆቹን እንደ መቆጣትም፣ እንደ መሳቅም አደረጋቸው፤ አላባረሩትም። ሁለቱ ወረቀቶችም ታረቁ፤ የሁለተኛው ለኪ የሚመጣው ለካስ ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር።

ፉርሽካው ይቆማል በተባለበት ሰኞ ከሰዓት ወደ ሀና ማርያም ስሄድ የጋሽ ቶሎሳን ጋሪ መንገድ ላይ አገኘሁት። ቡላ እያለከለከ የፉርሽካ ጆንያ ይጎትታል። እትዬ ብዙነሽ ጆንያው ላይ እንደ ወይዘሮ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ጋሪውን አስቆሙት።

“ያን ልጅ ታገኘዋለህ?” አሉኝ።

“ጴጥሮስን? አዎ። ምን ልበልልዎ?”

“ሮብ ይምጣ በልልኝ። የሚጠጣልኝ ሰው ቸግሮኛል።”