በግራ እግር መቆም

ጫማዬን አውልቄ የግራ ውስጥ እግሬን ቀዝቃዛው ወለል ላይ ሳሳርፍ፣ ከአርባ ዓመት በፊት የማውቀው የክፍል ሲሚንቶ ቅዝቃዜ እስከ ጉልበቴ ወጣ።

«ቀኙን ያንሱ እማዬ። ግድግዳውን አይያዙ» አለችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ። ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። ሰባት ሳልቆጥር ተንገዳገድኩ።

እንግዲህ ስሙኝ። ቤታችን እሪ በከንቱ፣ ቁልቁለቱ ሥር ነበር። ግራ ቁርጭምጭሚቴ መጀመሪያ ወለም ያለኝ እዚያ ነው፣ በሰባት ዓመቴ፣ ዝናብ ባራሰው ድንጋይ ላይ። ከዚያ ወዲህ ድንጋይም አላስፈለገው፤ ደልዳላ ሜዳ ላይ ይከዳኝ ጀመር። በከዳኝ ቁጥር ወጌሻው ይጠሩ ነበር። የቅቤ ሽታ ያለው አውራ ጣታቸውን ቁርጭምጭሚቴ ላይ እየጫኑ «ጅማት ነው የዞረው፤ ይመለሳል» ይሉኛል። የዞረውስ ይመለስ፤ የላላውን ማን ያጠንክረው? ሲወጡ እናቴ በርከክ ትልና «ትከሻዬን ያዢ» ብላ በነጠላ ቅዳጅ ጥፍር አድርጋ ታስረኛለች። ከዚያ ከመደብ መውረድ የለም። እብጠቱ ሲጎድል ዳነች ይባላል፤ ተኝቶ የሰነፈው እግር በሳምንቱ መልሶ ይታጠፋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእግሩም በቅቤ ብቻ እንደማይድን የነገረን ግን አልነበረም።

«ዘንድሮ ይሻላት፤ ለከርሞ ትገባለች» እየተባለ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ትንንሾቹ «እማማ ሀሁ» አሉኝ። ስሙንም ቻልኩት፤ ማንበብ ብቻ ይኑር።

ትምህርት ቤቱ ዳገቱ አናት ላይ ስለነበር ሁልጊዜ አረፍድ ነበር። አስተማሪው ያረፈደን ሰሌዳው አጠገብ በአንድ እግር ያቆሙ ነበር። እኔ በቀኙ ስቆም ነቁብኝ።

«ቀኙ ተመችቶሻል፣ አይደል? በግራ!»

ግራዬ ይንቀጠቀጥ ነበር። በመስኮቱ ብርሃን የሚንሳፈፈውን የጠመኔ ብናኝ እያየሁ እቆም ነበር። በሁለተኛው ወር ደወል እስኪደወል ቆምኩ። በእነዚያ ወራት እግሬ አንድም ቀን አልታጠፈም፤ ማንም ልብ አላለውም፣ እኔም ጭምር።

ከዚያ እናቴ ሰማች። ነጠላዋን አገልድማ ክፍሉ ውስጥ ገባች።

«እኔ መሬት ሳላስነካ የያዝኳትን ልጅ እርስዎ ገትረው ሽባ ሊያደርጉብኝ ነው?»

«እትዬ፣ መታመሟን ማን ነገረኝ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባረፍድም ባላረፍድም ቁጭ በይ ተባልኩ፤ በእረፍት ሰዓት እንኳ። ክረምት ሳይገባ እግሬ ታጠፈ። ወጌሻው መጡ፣ ቅቤው መጣ፣ «ለከርሞ» መጣ። የተውኩትን አንደኛ ክፍል እንደገና የጀመርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ በማታ።

ይህን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ስነግራት ሳቀች። «አስተማሪዎ ሳያውቁ አክመውዎታል!» አላሳቀኝም። ፊቴን አይታ አረመችው፦ «ቅጣት ሕክምና አይደለም፤ ግን እግር ሚዛኑን የሚማረው እንዲህ ነው፣ ቀስ በቀስ።»

በማን ልናደድ? አስተማሪው ሊያድኑኝ አላሰቡም። እናቴ ልትጎዳኝ አላሰበችም። ሁለቱም አፈር ከለበሱ ቆዩ፤ ንዴቴ ብቻ አድራሻ አጥቶ ቀረ።

«እንደገና» አለች ልጅቷ።

ቀኝ እግሬን አነሳሁ። ግድግዳውን አልነካሁም። እጄ ግን ሳላዝዘው ወደ ታች ወረደ፤ በርከክ ያለች ሴት ትከሻ እስከሚደርስበት ድረስ።

«ምን ሊይዙ ነው እማዬ?»

«ምንም» አልኳት፤ እጄንም መለስኩ።